ሻምፒዮንነት የማያድነው ሙያ፦ ከግሌንዴል የራግቢ ሜዳ ምን እንማር?

ከአውሮራ ሃቫና ጎዳና ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ግሌንዴል የምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ስፋቷ አንድ ስኩዌር ማይል አይሞላም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ5 ሺህ በታች ነበር። ዙሪያዋን በዴንቨር የተከበበች በመሆኗ ብዙዎቻችን የከተማ ወሰን መሻገራችንን እንኳ ሳናስተውል እናልፋታለን። ይህች ከተማ በ2007 በማዘጋጃ ቤቷ ገንዘብ፣ ለራግቢ ተብሎ የተሠራ ስታዲየም ከፈተች። ስሙን ኢንፊኒቲ ፓርክ ብላ፣ ራሷን ደግሞ የአሜሪካ «የራግቢ ከተማ» ብላ ሰየመች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ሜዳ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በማኅበረሰባችን ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ክርክር ነው። እዚህ የተወለዱ ወይም በጨቅላነታቸው የመጡ ልጆቻችን በስፖርት ሙያ መኖር እንፈልጋለን ሲሉ፣ ወላጆች የሚሰጡት መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፤ «መጀመሪያ ትምህርትህን።» ልጁ ይህን የወላጅ ፍርሃት አድርጎ ይወስደዋል፤ ወላጁ ደግሞ የልጁን ምኞት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት አድርጎ ያየዋል። ክርክሩ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በልጁ ችሎታ ላይ ነው፤ ጎበዝ ነው ወይስ አይደለም? የግሌንዴል ታሪክ የሚያስተምረን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ይመስለኛል።

ሦስት ሻምፒዮኖች፣ ሦስት መዘጋቶች

ራግቢ ዩኒየን ተጫዋቾቹ በይፋ እንዲከፈላቸው የፈቀደው በ1995 ነው። በዚህ ረገድ ከእግር ኳስ ጋር ሲነጻጸር ገና ልጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ራግቢ ሊግ የተጀመረው ከዚያ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነበር። አምስት ቡድኖች ተወዳደሩ፤ የደረጃ ሰንጠረዡን በአንደኝነት ጨርሶ ዋንጫውን የወሰደው የዴንቨሩ ስታምፒድ ሆነ። ሊጉ ግን ሁለተኛ የውድድር ዘመኑን ሳያይ ፈረሰ። የዴንቨር ተጫዋቾች የአገሪቱ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ሻምፒዮኖች ተብለው ተሞገሱ፤ በማግስቱም ሥራ ፈላጊ ሆኑ።

በ2018 ሜጀር ሊግ ራግቢ በሰባት ክለቦች ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ የግሌንዴል ራፕተርስ ነበር። ክለቡ በመደበኛው ውድድር ከሁሉም ልቆ ወደ ፍጻሜው አለፈ፤ በሐምሌ ወር ሳን ዲዬጎ ላይ በሲያትል 23 ለ19 ተሸነፈ። የአራት ነጥብ ልዩነት ማለት በራግቢ ከአንድ ትራይ ያነሰ ነው። በ2020 ክለቡ ስሙን ኮሎራዶ ራፕተርስ ብሎ ቀየረ፤ ወረርሽኙ የዚያን ዓመት ውድድር አቋረጠው፤ በሚያዝያ ደግሞ ክለቡ ከሊጉ መውጣቱን አስታወቀ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱን የሚያውለው ከሌሎች ስፖርቶች የሚመጡ አሜሪካውያን አትሌቶችን ወደ ራግቢ ተጫዋችነት ለመለወጥ መሆኑን ገለጸ። ይኸው ፕሮጀክት አሜሪካን ራፕተርስ በሚል ስም በ2023 ከደቡብ አሜሪካ ክለቦች ጋር ሱፐር ራግቢ አሜሪካስ ወደተባለው ውድድር ገባ፤ ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ ከዚያም ወጣ።

ይህን የአንድ ትንሽ ከተማ ዕድል ብቻ አድርጎ የሚያይ አንባቢ ቢኖር፣ የሊጉን የቀረ ታሪክ ይመልከት። በ2021 ዋንጫውን ያነሳው የሎስ አንጀለስ ክለብ ነበር፤ በ2022 የሊጉን ደንብ በመጣሱ ከጥሎ ማለፉ ታገደ፤ ከኦስቲኑ እኅት ክለብ ጋር አብሮ ተዘጋ። በ2022 ሻምፒዮን የሆነው የኒው ዮርክ ክለብ ነበር፤ እሱም ከ2023 ውድድር በኋላ ከሊጉ ወጣ። በዚያው ዓመት የቶሮንቶው፣ በ2024 ደግሞ የዳላሱ ክለብ ተከተሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዴንቨር በ2016፣ ሎስ አንጀለስ በ2021፣ ኒው ዮርክ በ2022፦ ሦስት ሻምፒዮኖች፤ ሦስቱም ዛሬ የሉም። በአንድ ሙያ ውስጥ የመጨረሻው የስኬት ደረጃ ላይ የደረሱ ሰዎች ሥራቸውን ካጡ፣ የሥራው አደጋ የሚመነጨው ከችሎታ ማነስ አይደለም ማለት ነው። ምንጩ ተቋሙ ነው፤ የባለሀብቱ ትዕግሥት፣ የሊጉ አወቃቀር፣ የቴሌቪዥን ገቢ ማነስ። ስለዚህ «ልጄ ጎበዝ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ አደጋውን በማይገኝበት ቦታ ይፈልጋል። ችሎታ ተጫዋቹን ሜዳ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ ክለቡ እንዳይዘጋ ዋስ አይሆነውም።

የገንዘቡም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። የሜጀር ሊግ ራግቢ ክለብ የዓመት የደመወዝ ጣሪያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ሲዘገብ ቆይቷል። ይህን ለ35 ተጫዋቾች እኩል ብናካፍለው ለአንድ ሰው 14 ሺህ ዶላር ያህል ይደርሰዋል። ከጣሪያው ውጪ የሚታሰብ የመኖሪያ ድጋፍ እንዳለ፣ ክፍያውም እኩል እንደማይከፋፈል አልዘነጋሁም። ነገር ግን በዴንቨር የቤት ኪራይ ለሚኖር ሰው ስሌቱ የሚናገረው ግልጽ ነው፤ ብዙ ተጫዋቾች ጠዋት ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ የሚለማመዱ ናቸው። «ፕሮፌሽናል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የሚገልጸው ከኑሮ ይልቅ ማዕረግን ነው።

የሰውነት ሂሳብ

ደመወዝ ቢያንስ በቁጥር ይታያል። ከባዱ ሂሳብ ያለው በሰውነት ውስጥ ነው። በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሳው ስቲቭ ቶምፕሰን፣ በታኅሣሥ 2020 ገና በ42 ዓመቱ የመርሳት በሽታ እንደያዘው ለሕዝብ ተናገረ። ዋንጫውን ያነሳበትን ቀን እንኳ አያስታውሰውም። እሱና ሌሎች የቀድሞ ተጫዋቾች በዓለም ራግቢ፣ በእንግሊዝና በዌልስ የራግቢ አካላት ላይ ክስ መሥርተዋል፤ ክርክሩ ተጫዋቾችን በጭንቅላት ላይ ከሚደርስ ተደጋጋሚ ጉዳት የመጠበቅ ኃላፊነት አለባቸው፣ አልተወጡትም የሚል ነው።

ይህ ጉዳይ ለአውሮራ ሩቅ አይደለም። የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች በ2011 ያጸደቁት የወጣቶች የአንጎል መናወጥ ሕግ የተሰየመው በጄክ ስናከንበርግ ስም ነው። ጄክ እዚሁ አውሮራ በሚገኘው ግራንድቪው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ በ2004 በአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ የመጀመሪያው ጉዳት ሳይሽር ሁለተኛ ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል። ሕጉ አሠልጣኞች ምልክቶቹን እንዲማሩ፣ የተጠረጠረ ተጫዋች ወዲያውኑ ከሜዳ እንዲወጣ፣ ያለ ጤና ባለሙያ የጽሑፍ ፈቃድም እንዳይመለስ ያዝዛል። ግዴታው ከትምህርት ቤት አልፎ የወጣት ክለቦችንም ይመለከታል። አንድ ወላጅ የልጁን አሠልጣኝ «ይህን ሥልጠና ወስደሃል?» ብሎ ቢጠይቅ በአሠልጣኙ ላይ ጥርጣሬ ማሳየት አይሆንበትም፤ ሕግ የሰጠውን መብት መጠቀሙ ነው።

ልብ ልንል የሚገባው ግን የሕጉን ወሰን ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ልጁን ነው። ልጁ አድጎ ውል ሲፈርም የሚጠብቀው ውሉ ብቻ ነው። ክለቡ ከተዘጋ ደግሞ የውሉ ሌላኛ ወገን አይኖርም። የጉልበት ጅማት በሃያ አምስት ዓመቱ የተበጠሰበት ሰው በአርባ ዓመቱ ሲያነክስ፣ በሩን የሚያንኳኳበት ቢሮ የለም።

ከክብር ዘበኛ እስከ ንግድ ባንክ

አንድ ስፖርተኛ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል የሚለውን ጥያቄ አገራችን ከራግቢ በፊት በራሷ መንገድ መልሳዋለች። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር። በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ሲደግመውም እንዲሁ። ሩጫው ኑሮው አልነበረም፤ ኑሮው ውትድርናው ነበር፤ ሩጫው ደግሞ ማዕረጉን እስከ ሻምበልነት ከፍ አደረገለት። በመጋቢት 1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሲሽመደመድ፣ የወደቀው በባዶ መሬት ላይ አልነበረም። መንግሥት እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ላከው፤ እዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1973 ሲያርፍም ሻምበል አበበ ሆኖ ነው።

ይህ አሠራር ከንጉሡ ጋር አላበቃም። መቻል ተብሎ የሚጠራው የቀድሞው መከላከያ፣ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ፣ ንግድ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ፦ የአትሌቲክስ ክለቦቻችን ስሞች የመሥሪያ ቤቶች ስሞች ናቸው። አንድ የአርሲ ወይም የሰሜን ሸዋ ወጣት ሯጭ ወደ ክለብ ሲገባ የሚያገኘው ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም፣ ከኋላው የቆመው ድርጅት የሚኖረው ከሩጫ ገቢ አይደለም። ባንኩ ትርፉን የሚያገኘው ከብድር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከኃይል ሽያጭ። ስለዚህ ክለቡ አንድ መጥፎ ዓመት ቢያሳልፍ አትሌቱ ጎዳና ላይ አይወጣም።

ይህን ያነሳሁት ለትዝታ አይደለም፤ እንከኑንም አውቀዋለሁ። በመሥሪያ ቤት ላይ የተደገፈ ስፖርት በአለቃ መልካም ፈቃድ ላይ የተደገፈ ነው፤ አትሌቱ የመደራደር አቅም የለውም፤ ተቋሙ ፊቱን ሲያዞር የሚከራከርበት ውል እምብዛም አይገኝም። አሜሪካ ለተጫዋቹ ውል ሰጥታ ተቋም ነፈገችው፤ ኢትዮጵያ ተቋም ሰጥታ ውል ነፈገችው። ሁለቱም ግማሽ መልስ ናቸው። ጤናማ የስፖርት ሙያ የሚጠይቀው ሁለቱን በአንድ ላይ ነው።

የአሜሪካው ልማድ ለዚህ ጉድለት የሚሰጠው መልስ ኮሌጅ ነው፤ ስፖርተኛው በትምህርት ዕድል ይማራል፣ ስፖርቱ ባይሳካ ዲግሪው ይቀራል። በራግቢ ግን ይህ መረብ ሳስቷል። የወንዶች ራግቢ በብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ሥር የሚመራ ውድድር አይደለም፤ የሴቶቹም በዚያው ማኅበር «በማደግ ላይ ያለ ስፖርት» ተብሎ ከተመዘገበ ከ2002 ጀምሮ ብዙ ዓመት አልፎታል። እንደ ላይፍና ሊንደንውድ ያሉ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ለራግቢ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ በአብዛኞቹ ዘንድ ግን ራግቢ ተማሪው ከኪሱ የሚከፍልበት ክለብ ነው። በመሆኑም በእግር ኳስ ወይም በቅርጫት ኳስ የሚሠራው የወላጅ ስሌት እዚህ አይሠራም።

ለምን አንከለክላቸውም?

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ወላጆቹ ትክክል ናቸው» ቢል አልፈርድበትም። ምክንያታቸው ትክክል ነው፤ መደምደሚያቸው ግን ትክክል አይመስለኝም።

አንደኛ፣ በሩ እየሰፋ ነው። ዓለም ራግቢ በግንቦት 2022 የ2031ን የወንዶችና የ2033ን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ሰጥቷል፤ በአዘጋጅነት ጥያቄው ላይ ከቀረቡት ከተሞች አንዷ ዴንቨር ነበረች። የአሜሪካ ሴቶች በ2024 ፓሪስ ላይ በሰባት ሰው ራግቢ አውስትራሊያን 14 ለ12 በመጨረሻዋ ቅጽበት አሸንፈው ነሐስ ሲወስዱ፣ ባለሀብቷ ሚሼል ካንግ ለቡድኑ 4 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብታለች። በ2025 የተጀመረው የሴቶች ሊግም የዴንቨር ቡድን አለው።

ሁለተኛ፣ ይህ ስፖርት ዘግይተው ለሚመጡ ክፍት ነው። ካርሊን አይልስ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበር፤ በ2012 ራግቢን ለመማር መኪናውን እየነዳ ወደዚሁ ወደ ኮሎራዶ፣ አስፐን ወዳለው ክለብ መጣ። በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፤ ቆይቶም በዓለም ላይ ፈጣኑ የራግቢ ተጫዋች ተብሎ ታወቀ። በሩጫ ሜዳ ላይ ያደጉ የእኛ ልጆች ይህን ታሪክ ያውቁታል። ዕድሜው ሃያ የሞላውን ልጅ «አይሆንም» ብሎ ማስቆም አይቻልም፤ የሚቻለው ሳይጠይቅ እንዳይፈርም ማስተማር ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ይህ ነው። አደጋው የተቋም ከሆነ መፍትሔውም የተቋም ነው። ተቋም በመገንባት ደግሞ እኛ ጀማሪዎች አይደለንም።

እድርና ታክሲ

የዴንቨር ታክሲ ነጂዎች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ2009 ዩኒየን ታክሲ፣ በኋላም በ2016 ሥራ የጀመረው ግሪን ታክሲ የነጂዎቹ የራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፤ ከመሥራቾቻቸውና ከአባሎቻቸው ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ ኢትዮጵያውያንም ያሉባቸው ናቸው። በየሳምንቱ ለባለ ድርጅት ይከፍሉት የነበረው ኪራይ ሲከብዳቸው፣ ፈቃድ ሰጪው የክልሉ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ተከራክረው የራሳቸውን ድርጅት አቆሙ። የስልክ መተግበሪያዎቹ በኋላ ገበያውን ቢያናጉትም፣ ትምህርቱ አልጠፋም፤ ብቻውን ደካማ የሆነ ሠራተኛ ተደራጅቶ የራሱን ተቋም ሊፈጥር ይችላል።

እድርም ከዚህ የሚለይ አይደለም። እድር ማለት መከራ ለማን እንደሚደርስ ሳናውቅ፣ ለአንዱ እንደሚደርስ ግን አውቀን በየወሩ ጥቂት የምናዋጣበት ሥርዓት ነው። የስፖርተኛው አደጋ ልክ እንደዚህ ነው፤ ከአሥር ወጣቶች የማንኛው ጉልበት እንደሚሰበር፣ የማንኛው ክለብ እንደሚዘጋ አይታወቅም፤ የአንዳንዶቹ እንደሚሆን ግን የታወቀ ነው። ለሞት የሠራነውን ሥርዓት ለልጆቻችን የሥራ ዕድሜ ማዋል ለምን ያቅተናል?

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ለቤተሰብ ነው። ልጁ ውል ሲቀርብለት ስለ ደመወዙ ከመጠየቅ በፊት አራት ነገር ይጠየቅ፦ ክለቡ ቢዘጋ የቀረው ክፍያ ዋስትና አለው? በጨዋታ ላይ የደረሰ ጉዳት ውሉ ካለቀ በኋላ የሚታከመው በማን ገንዘብ ነው? በጨዋታ ዓመታት መማር ይፈቀዳል፣ ይደገፋልም? የጭንቅላት ጉዳት ሲደርስ ወደ ሜዳ ለመመለስ የሚወስነው አሠልጣኙ ነው ወይስ ሐኪም? ለእነዚህ መልስ የሌለው ውል የሥራ ውል መባል አይገባውም።

ሁለተኛው ለማኅበረሰባችን ነው። በአውሮራና በዴንቨር ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ ቤተ እምነቶችና እድሮች ለወጣት ስፖርተኞች የሚሆን አንድ የትምህርት መመለሻ ፈንድ ቢያቋቁሙ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዓላማው ስፖርቱን መደገፍ አይሁን፤ ስፖርቱ ሲያበቃ ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሙያ ሥልጠና መመለሻ መንገድ ይሁን። መካከላችን ያሉ የሕግና የጤና ባለሙያዎች በዓመት ጥቂት ሰዓት ቢለግሱ፣ ውል የሚያነብና የሕክምና መዝገብ የሚመረምር ሰው ለእያንዳንዱ ልጅ ይገኛል።

ሦስተኛው ለከተማ ምክር ቤቶች ነው፤ እዚህ ላይ የመራጭነት ድምፃችን ዋጋ አለው። ግሌንዴል ስታዲየሙን የሠራችው በሕዝብ ገንዘብ ነው። የዴንቨር ምክር ቤትም በ2025 ለሴቶች እግር ኳስ ስታዲየም ቦታና መሠረተ ልማት እስከ 70 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። የሕዝብ ገንዘብ ለሜዳ ሲወጣ፣ በሜዳው ላይ ለሚሠሩት የሚሆን ቅድመ ሁኔታ አብሮ መቀመጥ አለበት፤ ክለቡ ቢወጣ የተጫዋቾችን ቀሪ ክፍያና ሕክምና የሚሸፍን የተያዘ ገንዘብ። የብሔራዊ ሴቶች እግር ኳስ ሊግ ተጫዋቾች በ2024 በማኅበራቸው አማካይነት እስከ 2030 የሚዘልቅ የኅብረት ስምምነት ተፈራርመዋል። ይህ የሚያሳየው ጥበቃው ሊገኝ እንደሚችል፣ ሳይደራጁ ግን እንደማይገኝ ነው።

ይህን ቅድመ ሁኔታ የሚቃወም ሰው የሚያነሳው መከራከሪያ ይታወቃል፤ «ትንንሽ ሊጎች ይህን ወጪ ከተሸከሙ ጭራሹን አይጀመሩም።» መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሰው ጉልበትና አንጎል ዋጋ ሳይታሰብ ብቻ ሊቆም የሚችል ሊግ፣ ወጪው የቀረለት ሳይሆን ለተጫዋቹና ለቤተሰቡ የተላለፈለት ሊግ ነው። ሂሳቡ ከመፈረም በፊት ይታይ ማለት ሊጉን ማፍረስ አይደለም።

ኢንፊኒቲ ፓርክ ዛሬም እዚያው ነው፤ ሣሩ ይታጨዳል፣ ልጆች ይለማመዱበታል፣ የሴቶቹም ቡድን ይጫወትበታል። ሜዳው የጸናው ከተማዋ የራሷ ስላደረገችው ነው። ከሜዳው ላይ የሄዱት በዓመት ውል የመጡት ናቸው። ልጆቻችን ወደዚያ ሣር ሲወጡ፣ ከሜዳው ዳር እጅ እያጨበጨብን ከመቆም አልፈን ውላቸውን ያነበብን፣ የመመለሻ መንገዳቸውንም ያዘጋጀን ሆነን እንገኝ።